ከጀርባው የተከፈተው ቀሚስ

መስከረም 14

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለፌንጣዬ፤

ጤናሽ እንደ ምላስሽ የጠነከረ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እኔ አጎትሽ ከዕድሜዬና ከአቧራ በቀር ምንም የሚያመኝ ነገር እንደሌለ አሳውቅሻለሁ። ፈጣሪ ይመስገን። እናትሽም ደህና ናት። ደህና ስልሽ አንቺ የምታውቂው ደህና ነው፤ ቀኝ ጎኗ እንደተኛ ነው፣ ግራው ግን ለሁለት ይሠራል።

ትናንት ደብዳቤሽ ሲደርስ ያደረገችውን ልንገርሽ። ፖስታውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። መጀመሪያ ቴምብሩ በደንብ መለጠፉን መረመረች። ከዚያ በግራ ቡጢዋ ሁለት ጊዜ፣ ድም ድም፣ አደረገችውና «ተረኛ!» አለች። ሠላሳ አራት ዓመት በፖስታ ቤቱ መስኮት ስትመታበት የኖረችው ማኅተም ከእጇ ወጣ እንጂ አመታቱ አልወጣም። ሐኪሙ ከቃላት ሁሉ ይህቺ አንዷ ለምን እንደተረፈች አላውቅም ይላል። እኔ አውቃለሁ። በቀን አራት መቶ ጊዜ የተባለች ቃል እንዴት ትጠፋለች? ሾርባ ሳጎርሳት «ተረኛ!»፣ ካልሲ ሳጠልቅላት «ተረኛ!»። አንዳንዴ ከኋላዬ ሰልፍ ያለ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ።

ስልክ አትደውዪ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ድምፅሽን ስትሰማ መመለስ ያቅታትና ታለቅሳለች። በወረቀት ስትመጪ ግን ሥራዋ ላይ ናት።

የሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛዬን ከሱቅ ወደ ቤት አዛውሬዋለሁ። ደንበኞች ሰዓታቸውን በመስኮት ያቀብሉኛል፣ እኔም በመስኮት እመልስላቸዋለሁ። እትዬ ጡረታ ወጣች፣ መስኮቱ ግን ለእኔ ደረሰኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መርፌ ይመጣል። መርፌ ያልኩሽ ከሱቄ ፊት ለፊት የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ነው፤ ስሙን በቅጥነቱ እኔ ነኝ ያወጣሁለት፣ እሱም አጸፋውን «ዝገት» ይለኛል። በርጩማውን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው። «ያንተ ወንበር እንደ ጠገንካቸው ሰዓቶች ነው፣ አይታመንም» ይለኛል። ዳማ እንጀምራለን፤ ሳንጨርስ «ተነሥ፣ ውጣ፣ ፊትህ የተዘጋ ሱቅ መስሏል» ብሎ ያባርረኛል። እሱ የልብስ ቁልፎቹን ጭኗ ላይ ይዘረግፍላታል፣ እሷ ነጩን ከነጭ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ትለያለች። እኔ እስከ ድልድዩ እሄዳለሁ። ምንም አልሠራም፤ ውኃውን አይቼ እመለሳለሁ።

ምንም አያስፈልገንም። ከቻልሽ ግን ለእናትሽ ሰማያዊ ነገር ላኪላት። ግድግዳው ላይ ካለው ሰማያዊ የቀን መቁጠሪያ ዓይኗን አትነቅልም።

ዝገቱ አጎትሽ


ጥቅምት 19

ለውድ ጋሼ፤

ሰላምታዬ በር ሳያንኳኳ ይግባ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬ እንደምታውቀው ከሆቴሉ ምድር ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸው ሰዎች የሚተኙበትን አንሶላ ስተኩስ እውላለሁ፤ እናቴ የምትተኛበትን ማን ይተኩሰው ይሆን እያልኩ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዬ እስኪያልቅ ከዚህ አገር ብወጣ መመለሻ የለኝም። ይህን ደጋግሜ የምጽፍልህ አንተ ስለጠየቅከኝ አይደለም። አንድም ቀን አልጠየቅከኝም።

ሰማያዊ ቀሚስ ልኬላታለሁ። ሦስት ቅዳሜ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ኮሌታ ያለው ነው፤ እናቴ ያለ ኮሌታ በር ወጥታ አታውቅም። ገላዋ አይታይ፣ ፀጉሯ አይበተን። ስትለብሰው ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።

እጇን ሳምልኝ፤ ግራውንም ቀኙንም።

ልጅህ


ኅዳር 20

ለፌንጣዬ፣ ለሰማያዊዋ፤

እነሆ ፎቶው። በግራ በኩል የምታያት ንግሥት እናትሽ ናት። በቀኝ በኩል ያለው ያረጀ ወንበር አይደለም፣ እኔ ነኝ። ቀሚሱ ልክ ሆነላት። መርፌ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰና «ይህን የሰፋ እጅ ይባረክ» አለ። እሱ የሌላ ሰው ስፌት ሲያመሰግን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው፤ የእኔን ሱሪ አይቶ ያለውን ግን እዚህ አልጽፈውም።

ለእሱም አንዲት መስመር ሰላምታ ጻፊለት። ሰው ስሙ በደብዳቤ ሲጠራ ደስ ይለዋል።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የአባቴን የግድግዳ ሰዓት ፈትቼ ስገጥም ሁለት ብሎን የተረፈኝን ነግሬሽ አውቃለሁ? ሙያውን የጀመርኩት በዚያ ነው። «እኔ ነኝ የጣልኩት» ብላ አለንጋውን የተቀበለችው እናትሽ ናት። ብሎኖቹ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ትናንት አሳየኋት። በእውነት እልሻለሁ፣ ሳቀች።

አጎትሽ


ጥር 6

ይድረስ ለአጎቴ፤

እንደምን አሉ? እዚህ የምትኖረው የሰፈራችን ዳቦ ቤት ባለቤት ልጅ ለእረፍት አገር ቤት ሄዳ እናቴን ልትጠይቅ ቤት ገብታ ነበር። ስትመለስ ያየችውን ነገረችኝ። ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

የላክሁት ቀሚስ ከአንገቱ እስከ ታች ጫፉ ከጀርባው ተተርትሯል፤ እናቴም ጀርባዋ በጨርቅ ቁራጭ ታስሮ ተቀምጣለች። ዘመዳችን ያልሆነ ወንድ አጠገቧ ተቀምጦ በማንኪያ እያጎረሳት፣ አገጯን እየጠረገ። እርስዎ የት ነበሩ? ልጅቷ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቃ እርስዎ አልመጡም።

እናቴ ለጎረቤት እንኳ በነጠላ ጫማ በር የማትከፍት ሴት ነበረች። የምታምነው ሰው ካልሆነ በዚህ ሁኔታዋ ባዳ እንዲያያት አልፈልግም። ያንን ሰው ከቤት ያስወጡልኝ። ቀሚሱን ምን አደረጉት ብዬ አልጠይቅም። አለቀሰች ወይ፣ እሱን ብቻ ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 29

ለእህቴ ልጅ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንዳልሽው አድርጌያለሁ። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ በርጩማውን ይዞ ሄደ። የዳማ ሰሌዳውን ትቶታል።

አላለቀሰችም። ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።

አጎትሽ


የካቲት 18

ለውድ ጋሼ፤

ቃሌን ስለሰማህልኝ ፈጣሪ ያክብርልኝ። በቁጣ የጻፍኩትን ርሳው፤ እሷን በሩቅ ማሰብ ነው ያንን ያስጻፈኝ። አሁን ቢያንስ ከራሷ ሰው ጋር እንደሆነች እያወቅኩ እተኛለሁ።

ግን ደብዳቤህ አጠረብኝ። ሁለት ጊዜ አንብቤ ሦስተኛውን ስጀምር አለቀ። ፖስታውን መታችው? አልነገርከኝም። ቀልዱስ የት ሄደ? በአንተ ቤት ቀልድ የሚጠፋው ሰዓቱ ሁሉ ሲቆም ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ክሬም ልኬልሃለሁ፣ ለጀርባዋ። እባክህ ቶሎ ጻፍልኝ።

ልጅህ


ሚያዝያ 21

ለፌንጣዬ፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ እስክሪብቶው እጄ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቀልዱ አለ። ዳማ ከራሴ ጋር እየተጫወትኩ ነው፤ እስካሁን ሁልጊዜ ተሸናፊው እኔ ነኝ። ለአንድ ደንበኛ ደግሞ ደቂቃ ቆጣሪውን በሰዓት ቆጣሪው ቦታ ገጥሜ ሰጠሁት። ሰውዬው ቁርስ በልቶ ሲነሣ መሽቶ አገኘው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሠርቼ አላውቅም።

ፌንጣዬ፣ ከዚህ በኋላ ቀልድ የለም። የምነግርሽን ለመናገር ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ምሳዋን እያበላኋት ነበር። ሌሊቱን አምስት ጊዜ አገላብጫታለሁ፣ ጠዋት አንሶላ አጥቤያለሁ፣ መስኮቱ ላይ አንድ ሰው ሰዓቴ ደረሰ ወይ እያለ ያንኳኳል። እሷ አፏን ከማንኪያው መለስ አደረገችና «ተረኛ!» አለች። እኔም ማንኪያውን ወረወርኩትና ጮኽኩባት። «ተረኛ የለም! እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት! ሌላ ማንም የለም!» አልኳት። በእኔ ፈንታ አለንጋ የተቀበለችውን እትዬን።

አላለቀሰችም። በደህናው እጇ አፏን ያዘች። ያቺን አንዲት ቃሏን መልሳ ወደ ውስጥ የምትከት ይመስል። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተናገረችም። ያለፈው ደብዳቤሽ ሲደርስም ፖስታውን አልመታችውም። የጠየቅሽኝን መልሼልሻለሁ።

አሁን የቀሚሱን ልንገርሽ። ቀድሞ መንገር ነበረብኝ፤ ግን «እርስዎ» ብለሽ ስትጽፊልኝ ደብዳቤው ተሳስቶ የሌላ ሰው ቤት የገባ መሰለኝና አፌ ተያዘ። ቀሚስ በጭንቅላቷ በኩል ሲገባ የሞተው ክንዷ መነሣት አለበት። ሲነሣ ያማታል፤ በየጠዋቱ ልብስ ስናለብሳት ታቃስት ነበር። እንዲተረተር የጠየቅኩት እኔ ነኝ። መርፌ ሦስት ቀን እምቢ አለኝ፤ «ልጅቱ በፍቅር የላከችውን በመቀስ አልነካም» ብሎ። በአራተኛው ቀን የሟች ሚስቱን ቀሚስ ከሣጥን አወጣና መጀመሪያ በዚያ ተለማመደ። ያንቺን በመቀስ አልነካውም። የጀርባውን ስፌት በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ፈታው፣ ጠርዙን ቀመቀመው፣ ማሰሪያ ሰፋበት። የወጣውን ክር ሳይበጥስ ካርቶን ላይ ጠምጥሞ አስቀምጦታል። «እትዬ ስትድን በራሱ ክር እመልሰዋለሁ» ነው ያለኝ። እንደማትድን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ሚስቱን አራት ዓመት ብቻውን አስታሟል። በሩን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። እኔም ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሰዓት ስጠግን አላንኳኳሁም፤ ይህንንም ጻፍኩት እንግዲህ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። ሃምሳ ሰው ከየት ይመጣል? እኔና መርፌ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ተካፍለን ነበር።

የት ነበርክ ላልሽው፣ ድልድዩ ላይ ነበርኩ።

አጎትሽ


ግንቦት 10

ለውድ ጋሼ፣

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። አጠገቤ የምትተኩስ ጓደኛ አለችኝ፤ ቋንቋችን አይገናኝም፣ በእጅና በሳቅ ነው የምንግባባው። ፊቴን አይታ ካውያዬን ከእጄ ወሰደች፣ ሁለቱንም ክምር ተኮሰች፣ ምንም አልጠየቀችኝም። ያኔ ገባኝ። እኔ እዚህ ያለችኝን ዓይነት ሰው ነው ከአንተ ቤት ያስወጣሁት።

እውነቱን ልንገርህ። ያናደደኝ ቀሚሱ አልነበረም። እኔ መቀመጥ በነበረብኝ ቦታ ሌላ ሰው መቀመጡ ነው። እኔ አገጯን አልጠረግኩም። ባዳ ያልኩት ሰውዬ ጠረገው። ባዳዋ ማን እንደሆነች እያወቅኩ ነው ደብዳቤውን የጻፍኩት።

በውስጡ የታጠፈ ወረቀት አለ። ለመርፌ ነው። አንተ እንዳታነበው። አውቅሃለሁ፤ በውኃ እንፋሎት ከፍተህ መልሰህ ትለጥፋለህ። እባክህ፣ ይህን አንድ ብቻ።

እናቴን «የጮኽኩብሽ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ ግን የልጅሽ ነው» በላት። አሁን ደግሞ እኔ ልቀበል አለንጋውን።

ፌንጣህ


ሰኔ 8

ለፌንጣዬ፤

በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ወረቀት ሳላነብ አደረስኩ። ሱቁ ስገባ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ምን ፈለግህ ዝገት፣ ዚፕ ነው ቁልፍ?» አለኝ።

«ደብዳቤ ይዤ ነው።»

«ከማን?»

«ከልጅቱ።»

መኪናውን አቆመ። «አንብበኸዋል?»

«አላነበብኩም።»

«ዋሾ።»

«በእትዬ ሞት፣ አላነበብኩም።»

«ታዲያ ታመሃል ማለት ነው» አለና መነጽሩን አደረገ።

ቀስ ብሎ አነበበው። ጨረሰና እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ፣ መርፌዎቹን ከሚሰካበት ጀርባ ከተተው። ምን እንዳልሽው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። በርጩማውን አነሣ።

«ገና ስምንት ሰዓት ነው እኮ» አልኩት።

«ያንተ ሰዓት መቼ ልክ ሆኖ ያውቃል?»

ቤት ሲገባ እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። በርጩማው ወለሉን ሲነካ ያለውን ድምፅ ታውቀዋለች። ዞረች። ብዙ አየችው። ከዚያ፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ እንደ ድሮው የፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ያለች ይመስል ጮክ ብላ «ተረኛ!» አለች።

«መጣሁ እትዬ» አላት። «ሰልፉ ረዝሞብኝ ነው።»

እኔ ወደ ድልድዩ ልሄድ ጫማዬን ሳጠልቅ፣ አንዱን እንዳጠለቅኩ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ተኛሁ። ሲቀሰቅሱኝ ፀሐይ ዞራለች፣ ትከሻዬ ላይ የመርፌ ኮት አለ። የዳማውን ሰሌዳ ከጥር ጀምሮ እንደተወው ነው ያቆየሁለት። አንድ ቆርኪ ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት። ወዲያው አወቀብኝ።

ደብዳቤሽን መትታዋለች። ሁለት ጊዜ።

አጎትሽ


ሐምሌ 24

ጋሼ፤

ስልክ ደውለህ «ፌንጣዬ» ብለህ ዝም ስትል የቀረውን መናገር አላስፈለገህም። ደውለህ የማታውቅ ሰው ነህ።

በስልክ «እኔ ድልድዩ ላይ ነበርኩ» እያልክ ሦስት ጊዜ ደጋገምክልኝ። ያኔ አልቅሼ መመለስ ስላልቻልኩ አሁን ልጻፈው። እንኳን ድልድዩ ላይ ሆንክ። አንድ ጊዜ የት ነበሩ ብዬ ጠይቄሃለሁ። ያ ጥያቄ ከቤትህ ይውጣ፤ ከእኔም ቤት አልወጣ ብሎኛል።

መርፌ ቀሚሱን በራሱ ክር ሰፍቶ እንደነበረ አድርጎ ሊልክልኝ እንደሚፈልግ ነግረኸኛል። እባክህ አይስፋው። ከነማሰሪያው፣ ከጀርባው እንደተከፈተ ይላክልኝ። ከአንሶላው ሌላ የእንግዶችንም ልብስ እተኩሳለሁ፤ የተዘጋ ቀሚስ በየቀኑ አያለሁ።

አንተስ? አሁን ማን ያበላሃል፣ ማን ያስወጣሃል?

ፌንጣህ


ነሐሴ 16

ለእህቴ ልጅ፣ ለፌንጣዬ፣

ጥቅሉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው የሚመጣው። መርፌ አልሰፋውም። ክሩንም በካርቶኑ እንደተጠመጠመ ከቀሚሱ ኪስ ታገኚዋለሽ፤ «የእሷ ነው፣ እሷ ታውቃለች» ብሏል። አልታጠበም፣ ሆን ብለን ነው።

እንዴት እንደሆነ በስልክ በቅጡ አልነገርኩሽም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቁልፎቹን እየለየች ነበር። አንድ ነጭ ቁልፍ ይዛ፣ የት እንደምታስቀምጠው የምታስብ መስላ፣ እንደያዘችው ቀረች። መርፌ እጇን ዘግቶ ይዞ ጠበቀኝ። እኔ ውኃ አይቼ እየተዝናናሁ ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፊቱን አይቼ «ለምን አልጠራኸኝም!» ብዬ ደረቱን መታሁት። ዝም ብሎ ተመታልኝ። ስጨርስ ምን አለኝ መሰለሽ? «የእኔዋ ስትሄድ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ነበር። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ያንተዋ ግን ብቻዋን አልነበረችም ዝገት። እኔ ነበርኩ።» ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ደጃፉ ላይ ተቀመጥን።

ማን ያስወጣሃል ላልሽው፣ አሁንም ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በርጩማውን ይዞ ይመጣል። «የሚታመም የለም፣ ምን ልትሠራ መጣህ?» ብለው «አንተን ላስታምም፤ ከእትዬ ይልቅ አንተ ታስቸግራለህ» ይለኛል። አብረን ነው አሁን ድልድዩ የምንሄደው። ውኃውን አይቶ «ይኸው ነው?» አለኝ። ይኸው ነው አልኩት።

የሐምሌ ደብዳቤሽ የደረሰው እሱ ባለበት ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ልክፈተው ብዬ እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ሁለታችንም አልጋውን አየን፣ ከዚያ ፖስታውን። በመጨረሻ መርፌ ያንን ቀጭን ቡጢውን ጨበጠና ሁለት ጊዜ መታው። ድም፣ ድም።

«በል እንጂ» አለኝ።

«ተረኛ» አልኩ።

ከዚያ ከፈትነው።

አጎትሽ